ለሆድ ህመም የጥንት መድኃኒቶችን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት፦ የቱን ለየቱ፣ ስንት፣ ለስንት ቀን

ሆዴን አመመኝ ስንል ከየአቅጣጫው የሚመጣው መልስ ያው ነው፣ ዝንጅብል አፍላ፣ ናና ጠጪ፣ ማር ላስ። ማንም ቆም ብሎ "ያቃጥልሃል ወይስ ይቆርጥሃል? ያስቀምጥሃል ወይስ ደርቀሃል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ብሎ አይጠይቅም። እኔ እናቴን ከጨጓራዋ ጋር ለብዙ አመት ሳስታምም የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ሰው በባህል መድኃኒት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ወይ ስሩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ለማይሆን ህመም፣ ያለልክ፣ ያለቀን ገደብ ስለሚወስደው ነው።

የጥንቶቹ ሐኪሞች ራሳቸው እንደዚ አልነበሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ ግብፅ ውስጥ የተፃፈ ኤበርስ ፓፒረስ የሚባል ጥቅልል አለ፣ ርዝመቱ ወደ 20 ሜትር ነው፣ አሁን ጀርመን ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው ያለው። እዛ ላይ ለሆድ ድርቀት የሚሆነው ለብቻ፣ ለትል የሚሆነው ለብቻ ተፅፏል፣ የሚገባው ነገር በልክ በልኩ ተቀምጧል፣ ብዙዎቹ ላይ ደሞ "ለ4 ቀን" የሚል አለ። እስቲ አስቡት፣ ከ3500 አመት በፊት የነበረ ሰው መጠንና ቀን ፅፎ ሲሰጥ እኛ ዛሬ "ትንሽ ጨመር አድርገህ እስኪሻልህ ጠጣ" እንባባላለን።

ስለዚ ይሄን መመሪያ የፃፍኩት በህመሙ አይነት ነው። የራሳችሁን ፈልጋችሁ እሱን አንብቡ፣ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ።

መጀመሪያ፦ ምንም ከማፍላታችሁ በፊት

ከነዚህ አንዱ ካለ ቤት ውስጥ ምንም አታዘጋጁ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ (የአይረን ኪኒን የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፣ እሱን ለዩት)። ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ማስታወክ። ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ። ምግብ ሲውጡ ጉሮሮ ወይ ደረት ላይ መያዝ። አይን ቢጫ መሆን። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ተቅማጥ። እድሜው 50 አካባቢ ደርሶ ወይ አልፎ ሰገራ የመውጣት ልማዱ ድንገት የተቀየረ ሰው።

አንዱን ለብቻው ልንገራችሁ ምክንያቱም በጣም አደገኛ ስለሆነ ነው። ህመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ በሰአታት ውስጥ ወደ ታች ቀኝ ጎን ከሄደ፣ ሲራመዱ ወይ ሲያስሉ ከባሰ፣ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ "ሆዱ ይፀዳ" ብሎ የጉሎ ዘይት ወይም ሰናመኪ መስጠት የተቆጣውን ትርፍ አንጀት ሊያፈነዳው ይችላል። ከፍተኛ የሆድ ህመም ላለበትና ምክንያቱ ላልታወቀ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መቼም አይሰጥም፣ አለቀ።

ሁለተኛ፦ አዘገጃጀቱን ለዩት

ቅጠል፣ ዘር እና ስር አንድ አይነት አይፈላም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ከዛ "ሞክሬው አልሰራልኝም" ይላል።

ቅጠልና አበባ (ናና፣ ካሞሚል) አይቀቀልም። ውሃው ለብቻው ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል፣ ይከደናል። ክዳኑ ለወግ አይደለም፣ የሚሰራው ነገር ተናኝ ዘይት ስለሆነ ክፍት ከተተወ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ቤቱ ጥሩ ይሸታል እናንተ ግን ሽታ የሌለው ውሃ ነው የምትጠጡት። ሲከፈት ክዳኑ ላይ ያለውን ጠብታ መልሳችሁ ብርጭቆው ውስጥ አራግፉት።

ዘር (እንስላል፣ ከሙን፣ ድምብላል) ዘይቱ ውስጡ የተዘጋ ስለሆነ መጀመሪያ ይፈነከታል። ዱቄት አይደረግም፣ በሙቀጫ አንድ ሁለቴ መታ መታ ነው። እሱንም የምትጠጡ ሰአት ነው እንጂ ለሳምንት ፈንክቶ ማስቀመጥ አይሆንም።

ስርና ቅርፊት (ዝንጅብል ምናምን) ከውሃው ጋር አብሮ ይቀቀላል፣ በዝግታ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ።

እቃው የማይዝግ ብረት ወይ የመስታወት ይሁን። ውስጡ በማይታወቅ ቀለም የተለቀለቀ የሸክላ እቃ ውስጥ የሎሚ አይነት ኮምጣጣ ነገር አታስቀምጡ፣ አንዳንዱ ልቅላቂ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት። ማንኪያ ስል ደሞ አፉ ልክ የተስተካከለ ማለቴ ነው፣ የተቆለለ አይደለም። ይሄ ለሻይ ላይመስላችሁ ይችላል፣ ቀጥሎ ላለው ግን የህይወት ጉዳይ ነው።

ተቅማጥ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እፅፋለሁ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው፣ በተለይ ህፃናት።

ተቅማጥ ሲይዝ የሁሉም ሰው ሀሳብ ማስቆም ነው። የጥንቱም ሀሳብ እሱ ነበር፣ የሮማን ልጣጭ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ አፍን የሚያኮማትር ነገር ሁሉ ይሰጥ ነበር። እውነት ነው ውስጡ ያለው ታኒን የሚባል ነገር ያኮማትራል፣ ግን ሰውን የሚገድለው ሰገራው ሳይሆን ከሰገራው ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ይሄን ለመረዳት የሰው ልጅ በጣም ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሌራ አውሮፓ ሲገባ ሐኪሞቹ ውሃ ያለቀበትን ሰው ደሙን ያፈሱት ነበር፣ ከዛ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጨምሩለት ነበር። ኦሾግኔሲ የሚባል ወጣት ሐኪም የበሽተኞቹን ደም መርምሮ ውሃና ጨው ጎድሎታል አለ፣ በ1832 ቶማስ ላታ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጨው ያለበት ውሃ በደም ስር ሰጥቶ ሊሞቱ የደረሱ ሰዎች ሲነሱ አየ። ግን ነገሩ ተረሳ፣ ለብዙ አስርት አመታት።

በአፍ የሚሰጠው ደሞ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ምስጢሩ ስኳሩ ነው። ጨው ለብቻው በታመመ አንጀት በደንብ አይገባም፣ ስኳር አብሮት ካለ ግን ሁለቱ በአንድ በር ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃው ይከተላቸዋል። ይሄ በር ኮሌራ እንኳን ይዞ አይዘጋም። በ1968 ዳካ ላይ በኮሌራ በሽተኞች ተሞክሮ ሰራ፣ በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ህንድ ድንበር ላይ ባለ የስደተኞች ካምፕ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ስር የሚሰጠው ሲያልቅበት በበርሜል በጥብጦ ቤተሰቦቹ ራሳቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ፣ ከመቶ 30 ይሞት የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። እኔ ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል፣ ጨው፣ ስኳርና ውሃ እኮ ከጥንትም በሰው ቤት ነበሩ፣ የጠፋው ልኩ ብቻ ነው።

አሰራሩ፦

1. አንድ ሊትር ንፁህ ውሃ፣ ካልተማመናችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት። ሊትሩን በሚታወቅ ጠርሙስ ለኩት፣ በአይን አይሆንም።
2. 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አፉ የተስተካከለ።
3. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ እሱም የተስተካከለ። ግማሽ ነው፣ አንድ አይደለም።
4. እስኪሟሟ አማስሉት፣ ቅመሱት። ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ስሩት፣ ውሃ ጨምሬ ላስተካክል አትበሉ።
5. ተከድኖ ይቀመጥ፣ ከ24 ሰአት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

ጨው ሲበዛ በተለይ ህፃን ልጅ ላይ መንቀጥቀጥና የአንጎል ጉዳት ያመጣል፣ ስኳር ሲበዛ ደሞ ተቅማጡን ያብሰዋል። ለዚህ ነው የፓኬቱ ኦአርኤስ (ልኩ ተዘጋጅቶ የታሸገው የጨውና የስኳር ዱቄት) ካለ ሁሌም እሱ የሚቀድመው፣ ፖታሲየምም አለበት፣ የኛ የቤቱ የለበትም። የቤቱ ፓኬቱ እስኪገኝ ነው።

አጠጣጡ፦ ከ2 አመት በታች ላለ ልጅ ካስቀመጠው በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 አመት በላይ ከ100 እስከ 200፣ አዋቂ የቻለውን ያህል። በማንኪያ ቀስ እያሉ ነው። ቢያስታውክ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና በዝግታ ጀምሩ። ጡት የሚጠባ ጡቱ አይቋረጥ፣ የሚበላ ልጅ ምግቡ አይቋረጥ፣ "አንጀቱ ይረፍ" እየተባለ ልጅ የሚራብበት ነገር የጥንቱ ስህተት ነው፣ አታስቀጥሉት። ዚንክ ደሞ ጠይቁ፣ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዛ በላይ 20፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረሳል።

የሩዝ ውሃ ብዙ ህዝብ ከጥንት ጀምሮ ለተቅማጥ የሚጠቀምበት ነገር ነው፣ ይሄኛው በሳይንሱም አላፈረም። ከ50 እስከ 80 ግራም የሩዝ ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይፈላል፣ ያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል፣ ስኳር አያስፈልገውም ምክንያቱም ስታርቹ አንጀት ውስጥ ራሱ ስኳር ይሆናል። የሚጠጣ ቀጭን መሆን አለበት። ቶሎ ስለሚቦካ ጠዋት የተሰራው ለማታ አይቆይ።

አንድ ዘመዴ ቤት የ9 ወር ህፃን ሲያስቀምጠው የሚያኮማትር ቅርፊት ተፈልቶ ተሰጠውና ተቅማጡ የቆመ መሰለ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ እኔም ጭምር። ማታ ላይ አይኑ ሰርጎዶ፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገን ስንለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ዳይፐሩ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው። ለካ ያለቀው ውሃው ነበር። በሰአቱ ደርሶ ተረፈ፣ ግን ያን ቀን ካየሁ በኋላ ስለ ተቅማጥ ማስቆሚያ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስንት አጠጣችሁት ነው የምለው። እነዚህን ምልክቶች በቃላችሁ ያዟቸው፣ የሰረጎደ አይን፣ ደረቅ አፍ፣ እንባ ማጣት፣ ሽንት መቀነስ፣ የሚዘገይ ቆዳ፣ መፍዘዝ። ልጁ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው በጥብጦ መጠበቅ የለም፣ ተሸክሞ መሮጥ ነው።

ማቅለሽለሽ

ዝንጅብል። ቻይናም ህንድም ከ2000 አመት በላይ ተጠቅመውበታል፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስኮሪደስ ለጨጓራ ጥሩ ነው ሆድንም በቀስታ ያለሰልሳል ብሎ ፅፏል። ከጥንት መድኃኒቶች ውስጥ በዘመናዊ ጥናት በጥሩ ሁኔታ ከቆሙት አንዱ ነው፣ በተለይ ለእርግዝና ማቅለሽለሽ።

የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል እርጥብ ዝንጅብል ልጣችሁ በስሱ ቁረጡ፣ በአንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ በዝግታ 10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ ለብ ሲል በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ። በአንዴ ግጥም ማድረግ ለሚያቅለሸልሸው ሰው መልሶ ማስታወክ ነው። በዱቄት ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወደ 1 ግራም ይጠጋል፣ ይሄን ለ4 ከፍላችሁ በቀን ውስጥ አዳርሱት። ነፍሰ ጡር ከዚህ 1 ግራም አትለፍ፣ ለሐኪሟም ትንገር። ሌላው አዋቂ ቢበዛ በቀን 4 ግራም። ደረቁ ከእርጥቡ በላይ ያቃጥላል፣ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ጂንጀሮል የሚባል ነገር የበለጠ ወደሚያቃጥለው ሾጋኦል ይቀየራል፣ ስለዚ ቃር ያለበት ሰው ደረቁን ይተወው። ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያማክር አይጀምር።

መነፋት፣ ጋዝና ቁርጠት

ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ሁለቱን በአንዴ አትደባልቁ፣ የትኛው እንደሰራ ማወቅ አለባችሁ።

እንስላል፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ዘር (2 ግራም አካባቢ) ፈንክቱ፣ 250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ክደኑ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ አጥልሉ። በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ቢሰራላችሁም ከሁለት ሳምንት በላይ አትጠጡት። ውስጡ ኤስትራጎል የሚባል ነገር ስላለ ለነፍሰ ጡርና ከ4 አመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ይሄን ስል ለህፃን የሆድ ቁርጠት ስንት ሰው እንደሚሰጠው ስለማውቅ ነው፣ እባካችሁ በዛ እድሜ ያለ ምክር አትስጡ።

ናና፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል (2 ግራም አካባቢ፣ እርጥብ ከሆነ እጥፍ) በ150 ሚሊ የፈላ ውሃ፣ ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ውስጡ ያለው ሜንቶል የሚባል ነገር የአንጀትን ጡንቻ ያላላዋል፣ ቁርጠቱ ለዛ ነው የሚለቀው። ስሜቱ የሚበረታ አንጀት ላለው ሰው (አይቢኤስ የሚባለው) ሐኪሞችም የናና ዘይትን በካፕሱል ያዛሉ፣ ካፕሱሉ ጨጓራን አልፎ አንጀት ላይ የሚፈታ ተደርጎ የተሰራ ነው። ንፁህ የናና ዘይትን ግን ከጠርሙስ አንጠባጥባችሁ አትጠጡ፣ በጣም የተከማቸ ነው። ለህፃን አፍንጫ አካባቢም አይቀባም፣ ትንፋሽ ሊይዝ ይችላል።

አሁን የናና ክፉ ጎኑ። አንጀትን የሚያላላው ሜንቶል በጨጓራና በጉሮሮ ቧንቧ መሀል ያለችውንም በር ያላላታል፣ አሲዱ ወደላይ ይወጣል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ለቃር ናና ስጠጣ ከርሜ ቃሩ ሲብስብኝ መጠኑን እጨምር ነበር። ናናውን ባቆምኩ በሳምንቱ ነው የቀለለልኝ። ለቃር ናና አይሆንም፣ በደንብ ይሰመርበት።

ድርቀት

ተልባ ነው የኔ የመጀመሪያ ምርጫ። በጥንት ግሪኮችም ዘንድ የታወቀ ነው፣ አሰራሩም ግልፅ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይለጥጣል፣ ያብጣል፣ ሰገራውን ያለሰልሳል፣ አንጀትን በሀይል አይገፋም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ (10 ግራም ገደማ) ሙሉውን ወይ ተሰንጥቆ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ላዩ ላይ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። በቀን 2 ወይ 3 ጊዜ። ከ12 እስከ 24 ሰአት ይፈልጋል፣ ከሰአት ላይ አልሰራም ብላችሁ አትደግሙት። ለብዙ ቀን ተብሎ የተፈጨ ተልባ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ፍጩ። ከሌላ መድኃኒት ቢያንስ በአንድ ሰአት አራርቁት ምክንያቱም መድኃኒቱን ይዞት ያልፋል። ደረቁን መቃም የለም፣ ጉሮሮ ላይ ያብጣል። መዋጥ የሚያስቸግረው ወይም አንጀቱ ጠቦ የሚያውቅ ሰው ጨርሶ አይንካው። ተልባ ጠጥቶ ውሃ የማይጠጣ ሰው ድርቀቱን ያጠነክረዋል፣ ይሄን ስንቴ እንዳየሁት።

ሰናመኪ ጠንካራው ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር ትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚቀሰቅሱት፣ ለዛ ነው ማታ ተወስዶ ጠዋት ላይ የሚሰራው፣ ከ8 እስከ 12 ሰአት። ቅጠሉን በቤት መመጠን ከባድ ስለሆነ ከፋርማሲ የተመጠነውን ኪኒን ውሰዱ እላለሁ፣ ከአንድ ሳምንት አይለፍ። በየቀኑ ለወራት የሚጠጡ፣ ለክብደት ቅነሳ ብለው የሚጠጡ ሰዎች አሉ፣ ፖታሲየማቸው ይወርዳል፣ ልብ ላይ ይመጣል። የጉሎ ዘይት ግብፃውያኑም ይጠጡት ነበር፣ ዛሬ የሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ነፍሰ ጡር በፍፁም አትውሰድ፣ ማህፀንን ያነሳሳል። ፍሬውን ደሞ ማንም አያኝክ፣ ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ አለበት።

ቃርና ጨጓራ

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠብቁ ቅር ሊላችሁ ይችላል፣ ግን ለቆየ የጨጓራ ህመም የማምንበት የጥንት መድኃኒት የለኝም።

ለብዙ አመት የጨጓራ ቁስል ከሀሳብ፣ ከቁጣ፣ ከሚያቃጥል ምግብ ነው ሲባል ኖሯል። በ1915 ሲፒ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በየሰአቱ ወተትና ክሬም ማጠጣት ጀመረ፣ ለብዙ አመት የአለም ህክምና እሱ ነበር። ወተት ለጊዜው ያበርዳል እውነት ነው፣ ካለፈ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ከዛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ አገኙ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ራሱ ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፣ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። እናቴን ለአመታት ስናጠጣት የነበረው ማርና ወተት ሁሉ ያስታግሳት ነበር፣ ቁስሉን ግን አልነካውም። ተመርምራ ኤች ፓይሎሪ ተገኘባትና በኪኒን ለ14 ቀን ታከመች። ያን ሁሉ አመት የሰገራ ምርመራ አንዴ ብናደርግ ኖሮ እላለሁ እስከዛሬ።

ስለዚ እዚህ እርምጃው እንዲህ ነው፦ በሳምንት አንዴ ሁለቴ የምትመጣ ቃር ከሆነች ከመተኛታችሁ 3 ሰአት በፊት ብሉ፣ የአልጋውን ራስጌ በእግሩ ስር እንጨት አስገብታችሁ ከፍ አድርጉ (ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል፣ ያብሰዋል)፣ በግራ ጎን ተኙ። ካሞሚል ለብ ያለ ሻይ መሞከር ይቻላል፣ የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው ይጠንቀቅ። የቤኪንግ ሶዳ ነገር አልፎ አልፎ ያስታግሳል ግን ሶዲየሙ ብዙ ስለሆነ ግፊት ላለበት አይሆንም። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሄደ ምርመራ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የምትወስዱ ከሆነ ደሞ ጨጓራውን እያቆሰለ ያለው እሱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት።

ትል

በቤት ለትል ምንም አታዘጋጁ። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ተቀብለው በመድኃኒት መዝገባቸው ያስገቡት እውነተኛ መድኃኒት ነው፣ የሮማን ስር ቅርፊትም እንደዛው በጥንት ለኮሶ ትል ይሰጥ ነበር። ሁለቱም ይሰራሉ። ችግሩ ትሉን የሚያደክመው መጠንና ሰውየውን የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ፣ የአንዱ ዛፍ ከሌላው ይለያያል፣ በብዛት የወሰደ ሰው አይኑ እስከመጎዳት ይደርሳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይ ኒክሎሳማይድ አለ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ መጠን ያልቃል። የትሉ አይነት በሰገራ ምርመራ ይለይ፣ ለወስፋት የሚሆነው ለኮሶ ትል አይሆንም።

ለልጆችና ለዱቄት ነገሮች ማስጠንቀቂያ

ማር ከ1 አመት በታች ላለ ህፃን አይሰጥም፣ በጣት ነክሮ ማስላስም ቢሆን፣ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር ህፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫል፣ ማፍላትም አያጠፋውም።

ስሙና ምንጩ ያልታወቀ ቀለም ያለው ዱቄት ደሞ ለማንም አትስጡ። ሜክሲኮ ውስጥ ግሬታና አሳርኮን የሚባሉ ብርቱካናማና ቢጫ ዱቄቶች ለህፃናት የሆድ መያዝ ሲሰጡ ኖረው ሲመረመሩ አብዛኛው ነገራቸው እርሳስ ሆኖ ተገኝቷል፣ ልጆች ተመርዘዋል። ቅጠሉን ወይ ዘሩን በአይናችሁ አይታችሁ፣ አሽትታችሁ፣ ስሙን አውቃችሁ ግዙ። የተፈጨ አትግዙ።

አወሳሰዱን መመዝገብ

አንድ ወረቀት ወይ የስልካችሁን ኖት ክፈቱ። ቀኑ፣ ምን ጠጣሁ፣ ስንት፣ ከምግብ በፊት ወይ በኋላ፣ ከ2 ሰአት በኋላ ምን ተሰማኝ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ለማቅለሽለሽና ለጋዝ 4 ቀን ሞክሩት፣ ምንም ለውጥ ከሌለ ያ ነገር የናንተ አይደለም፣ መጠን አትጨምሩ፣ ቀይሩ ወይ አቁሙ። ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ፣ አዲስ ህመም ከመጣ ያኔውኑ ማቆም ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ደሞ ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ይቆጡኛል ብሎ የጠጣውን ይደብቃል፣ ሐኪሙ ደሞ ሳያውቅ ከዛ ጋር የማይስማማ ኪኒን ይፅፋል። ስሙን ብቻ አትንገሩት፣ ከተቻለ ቅጠሉን ራሱን በላስቲክ አድርጋችሁ አሳዩት።